በአንዱ ስልክ የሞተው ጅብ በሌላው ለምን ይነክሳል?

ጥያቄ፦ «ሦስት ሆነን የድሮ ጌሞችን መልክ የያዘ፣ ተራ በተራ የሚዋጉበት ኦንላይን ጌም እየሠራን ነው። ሁለታችን አዲስ አበባ ነን፣ አንዱ ጓደኛችን ዱባይ ነው። በአንድ ስልክ ብቻ ስንጫወተው እንከን የለውም። ሁለት ሆነን ስንገባ ግን እኔ ጋ የሞተው ጅብ ጓደኛዬ ስልክ ላይ ቆሞ ይነክሳል፤ አንዳንዴም ውጊያው መሃል ላይ ደርቆ ይቀራል። ሰርቨሩ በፓይተን የተጻፈ ነው፤ ሥራው ከአንዱ ስልክ የመጣውን መልእክት ለሌላው ማስተላለፍ ብቻ ነው። የስልኩ ኮድ ጃቫስክሪፕት ነው። በተራ የሚዋጉበት ጌም ኔትወርክ አያስቸግረውም ሲባል ሰምተን ነበር። ትልቅ ሰርቨር እንከራይ ወይስ ውጊያውን ሪል ታይም እናድርገው? የአማርኛው ጽሑፍም በ8 በ8 ፒክስል ፎንት አይነበብም፤ ምን ይሻላል?»

ምላሽ፦ ትልቅ ሰርቨር አትከራዩ፤ ሪል ታይምም አታድርጉት። ችግራችሁ ፍጥነት አይደለም። አንዱን ውጊያ ሁለት ስልኮች ለየብቻ እያሰሉት ነው፤ ሰርቨሩ ደግሞ መልእክት ከማመላለስ በቀር ውጊያው ምን ላይ እንደደረሰ አያውቅም። ዳኛ የሌለበት ጨዋታ ስለሆነ ሁለቱም ስልኮች በየፊናቸው ትክክል ናቸው። መፍትሔው ስሌቱን በሙሉ ከስልኮቹ አውጥቶ ሰርቨሩ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ከዚህ በታች የምዘረዝረው እንዴት እንደሚደረግና የት የት እንደሚያደናቅፍ ነው።

መጀመሪያ የሰማችሁትን ላስተካክል። በተራ የሚዋጉበት ጌም የሚችለው የኔትወርክ መዘግየትን ነው። አንድ ትእዛዝ ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ሰከንድ ቢፈጅ እንኳ ተጫዋቹ ምንም አይሰማውም፤ እሱ ራሱ «ምታ» ወይም «ፈውስ» ለመምረጥ ብዙ ሰከንድ ያስባልና። የማይችለው የመልእክት መጥፋትን፣ መደጋገምንና መቆራረጥን ነው። በተኩስ ጌም አንድ መልእክት ቢጠፋ ቀጣዩ ወዲያው ይተካዋል። እዚህ ግን የጠፋው መልእክት የአንድ ሰው ሙሉ ተራ ነው።

ሪል ታይም ስትሉ ምናልባት በ1991 የመጣው አራተኛው የፋይናል ፋንታሲ ጌም ያስተዋወቀውን ዘዴ ይሆናል ያሰባችሁት፤ የእያንዳንዱ ተዋጊ መስመር በሰዓት እየሞላ፣ የሞላለት ቀድሞ የሚመታበት። በአንድ ማሽን ላይ ደስ ይላል። ኦንላይን ላይ ግን ኔትወርኩ የዘገየበት ሰው በዘገየ ቁጥር ይመታል፤ አሁን የሌለባችሁን የፍጥነት ችግር ገዝታችሁ ታመጣላችሁ ማለት ነው። እኔ የምመርጥላችሁ የዙር አሠራር ነው፤ ሁሉም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ ትእዛዛቸውን ይመርጣሉ፣ ከዚያ ሰርቨሩ በየተዋጊው ቅልጥፍና ቅደም ተከተል አውጥቶ ዙሩን በሙሉ ያሰላል። አራት ሰዎች እያንዳንዳቸው 30 ሰከንድ ተሰጥቷቸው ተራ በተራ ቢመርጡ የአንድ ዙር ጥበቃ 2 ደቂቃ ሊደርስ ይችላል፤ በአንድ ጊዜ ሲመርጡ ከ30 ሰከንድ አያልፍም። ሁለት ተዋጊዎች በቅልጥፍና እኩል ከሆኑ ቅድሚያውን በዕጣ ስጡ። በመለያ ቁጥር ካደረጋችሁት ቀድሞ የተመዘገበው ሰው ዕድሜ ልኩን ቀድሞ ይመታል፤ ተጫዋቾችም ይደርሱበታል።

ወደ ጅቡ ልመለስ። ጅቡ በአንዱ ስልክ የሞተው፣ በሌላው የተረፈው በዋነኛነት እያንዳንዱ ስልክ የራሱን ዳይስ ስለሚጥል ነው። እናንተ ጋ ምቱ አገኘው፣ ዱባይ ያለው ስልክ ላይ ሳተው። ሁለተኛው ምክንያት ቅደም ተከተል ነው። ሁለታችሁ በተቀራራቢ ቅጽበት ስትመርጡ አንተ ስልክ ላይ የራስህ ምት ይቀድማል፣ እሱ ስልክ ላይ የራሱ። ለዚህ ብዙ ሰዎች የሚያስቡት አቋራጭ ለሁለቱም ስልኮች አንድ የዕጣ መነሻ ቁጥር መላክ ነው፤ ከዚያ ሁለቱም አንድ ዓይነት ዳይስ ይጥላሉ። ይሠራል፣ ግን ሁለት ጉድለት አለው። ኮዱ በሁለቱም በኩል በነጠላ ሰረዝ እንኳ መለያየት የለበትም፤ አንዱ ስልክ አፕዴት ካላደረገ ውጊያው ይፈርሳል። ከዚያ የባሰው ደግሞ መነሻ ቁጥሩን ከስልኩ ያወጣ ሰው የወደፊቱን ዳይስ በሙሉ አስቀድሞ ያያል። ሌላው አማራጭ አንዱን ስልክ ዳኛ ማድረግ ነው። እሱ ከወጣ ውጊያው አብሮ ይሞታል፤ ማጭበርበር ከፈለገ ደግሞ የሚከለክለው የለም። ለሦስት ጓደኛሞች ሁለቱም ይበቁ ነበር። ለማያውቋቸው ሰዎች ለሚከፈት ጌም ግን አይሆኑም።

ስለዚህ ስልኩ ሁለት ሥራ ብቻ ይኑረው፤ የተጫዋቹን ፍላጎት መላክና ሰርቨሩ የነገረውን ማሳየት። ስልኩ «ጅቡን 19 ጎዳሁት» አይልም፤ «በውጊያ 7፣ በዙር 3፣ ጅቡን በሰይፍ መምታት እፈልጋለሁ» ይላል። ሰርቨሩ ሰይፉ መኖሩን፣ ተዋጊው አለመሞቱን፣ ዙሩም 3 መሆኑን አረጋግጦ ይመዘግባል። ሁሉም ሲመርጡ አስልቶ ክስተቶችን በተራ ቁጥር ይልካል፦ «ክስተት 42፤ ሰይፍ ጅቡን መታ፤ ጉዳት 18፤ የቀረው ሕይወት 1። ክስተት 43፤ ጅቡ ተጫዋቹን ነከሰ፤ ጉዳት 12፤ የተጫዋቹ የቀረ ሕይወት 31።» እያንዳንዱ ክስተት ጉዳቱን ብቻ ሳይሆን የቀረውን ሕይወትም ይያዝ። ስልኩ መቀነስ አይጠበቅበትም፤ የተጻፈለትን ቁጥር ይጽፋል። የሰይፉ ብልጭታ፣ የስክሪኑ መንቀጥቀጥ፣ ድምፁ ሁሉ የስልኩ ነው፤ የሚጀምረው ግን ክስተቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና ይመጣል። «ቁጥሩ ቶሎ ብቅ እንዲል የጉዳቱን ቀመር ስልኩም ላይ እንተወው» ትላላችሁ። አትተዉት። በፓይተንና በጃቫስክሪፕት መካከል ያለችውን ይህችን ልዩነት ተመልከቱ፤ ጥቃቱ 37 ነው፣ ጅቡ ስለተከላከለ በግማሽ ይቀንሳል፣ 18.5 ይመጣል። የጃቫስክሪፕቱ ማጠጋጊያ 19 ይላል። የፓይተኑ 18 ይላል፤ ፓይተን ልክ ግማሽ ሲሆን ወደ ቅርቡ ተጋማሽ ቁጥር ያጠጋጋልና። የጅቡ ሕይወት 19 ከሆነ ስልኩ ላይ ሞተ፣ ሰርቨሩ ላይ 1 ቀረው። ከወራት ሥራ በኋላ ያንኑ የጀመራችሁበትን ችግር መልሳችሁ አገኛችሁ። ሰርቨሩ ላይም ቢሆን በሙሉ ቁጥር ብቻ አስሉ፤ አንድ ተኩል እጥፍ ማለት በ1.5 ማባዛት ሳይሆን በ150 አባዝቶ በ100 አካፍሎ ትርፉን መጣል ይሁን። ፈውስን እንደ ኔጌቲቭ ጉዳት አድርጋችሁ አትጻፉ፤ የፓይተን የሙሉ ቁጥር ክፍፍል ከዜሮ በታች ሲሆን ወደ ታች ስለሚወርድ 7ን በ2 ሲያካፍል 3 የሚለው ሰውዬ ኔጌቲቭ 7ን ሲያካፍል ኔጌቲቭ 4 ይላል። ለፈውስ የራሱ መስመር ይኑረው።

ዳይሱ ራሱ ጠንቃቃ እጅ ይፈልጋል፤ በዚህ ዓይነት ጌም ከሁሉ በላይ የተጫዋቹን እምነት የሚያጠፋው እሱ ነው። በ1996 በጃፓን የወጡት የመጀመሪያዎቹ ፖኬሞኖች ላይ ፈጽሞ አይስትም የተባለ ምት ከ256 አንዴ ይስት ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሙሉ ትክክለኛነት 255 ተብሎ ተቀምጧል፣ ዕጣው ከ0 እስከ 255 ይወጣል፣ ምቱ የሚያገኘው ዕጣው ከ255 ሲያንስ ነው። ዕጣው ራሱ 255 ሲሆን ይስታል። እናንተ ከ0 እስከ 99 አውጡና «ከትክክለኛነቱ ካነሰ አገኘ» በሉ፤ 100 ሁልጊዜ ያገኛል፣ 0 ፈጽሞ አያገኝም። ዕጣውን ግን ከአንድ ባይት ወስዳችሁ ለ100 በማካፈል በቀሪው አትጠቀሙ። 256 ለ100 እኩል ስለማይካፈል ከ0 እስከ 55 ያሉት ቁጥሮች እያንዳንዳቸው 3 መንገድ፣ ከ56 እስከ 99 ያሉት 2 መንገድ ያገኛሉ። «10 በመቶ» ያላችሁት ከባድ ምት በተግባር ከ256 ውስጥ 30 ይሆናል፣ ማለትም 11.7 በመቶ። የፓይተን ሴክሬትስ ሞጁል ከተወሰነ ቁጥር በታች ያለ ዕጣ ያለ አድልዎ የሚሰጥ ፋንክሽን አለው፤ እሱን ተጠቀሙ። የወጣውን ዕጣም ከክስተቱ ጋር መዝግቡት። «ዳይሱ ይጠላኛል» የሚል ቅሬታ መምጣቱ አይቀርም፤ የምትመልሱለት በመዝገብ ነው።

አሁን የሚደርቀው ውጊያ። የእናንተ ኮድ የሁለቱንም ትእዛዝ እስኪያገኝ ይጠብቃል፤ እስከ መቼ እንደሚጠብቅ ግን አልተነገረውም። ስልክ ደግሞ ሳይሰናበት ይጠፋል። ከቤት ዋይፋይ ወጥቶ ወደ ሞባይል ዳታ ሲዞር አድራሻው ስለሚቀየር የድሮው ግንኙነት ያለ ድምፅ ይሞታል። ስልክ ሲደወልለት አንድሮይድ ጌሙን ከጀርባ ያቆመዋል። በሁለቱም ጊዜ ሰርቨሩ ግንኙነቱ አሁንም ያለ ይመስለዋል፣ ስለዚህ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል።

በዌብሶኬት (ስልኩና ሰርቨሩ ሳይዘጉ የሚነጋገሩበት መስመር) የምትሠሩ ከሆነ ሰርቨሩ በየ20 ሰከንዱ ፒንግ፣ ማለትም «አለህ?» የሚል አጭር መልእክት ይላክ፤ በተከታታይ ሁለቴ መልስ ካጣ ተጫዋቹን «ተቋርጧል» ብሎ ይመዝግበው። ተቋረጠ ማለት ተሸነፈ ማለት አይደለም። ለእያንዳንዱ ዙር 30 ሰከንድ ገደብ አድርጉ፤ የሚቆጥረው የሰርቨሩ ሰዓት ብቻ ይሁን። ለስልኩ የሚላከው «ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ10 ላይ ያበቃል» ሳይሆን «27 ሰከንድ ቀርቷል» ነው፤ የስልክ ሰዓት ሊሳሳት ይችላል፣ አዲስ አበባና ዱባይም በአንድ ሰዓት ይለያያሉ። ገደቡ ሲያልፍ ላልመረጠው ሰው ሰርቨሩ «ተከላከል» የሚለውን ይምረጥለት። ተራውን ዝም ብሎ መዝለል ይቻላል፣ ግን ኔትወርክ የተቋረጠበትን ሰው ሁለት ጊዜ መቅጣት ነው። ሰው ከሰው በሚዋጋበት ውጊያ በተከታታይ 3 ዙር ካልመለሰ ይሸነፍ፤ አብረው ጭራቅ በሚዋጉበት ግን ሰርቨሩ እየተከላከለለት ይቆይ፣ ጓደኞቹን አያግድባቸው። ገደቡ ላይ ያለፈውን ዙር ማሳያ ጊዜ ጨምሩበት፤ በዙሩ 6 ክስተት ካለና እያንዳንዱ 0.8 ሰከንድ ከፈጀ ወደ 5 ሰከንድ ነው። «አይቼ ጨርሻለሁ» የሚል መልእክት ከስልኩ አትጠብቁ፤ ያ መልእክት የማይመጣበት ቀን ውጊያው እንደገና ይደርቃል።

ሲመለስ ስልኩ መጨረሻ ያየውን የክስተት ቁጥር ይናገር። «41 ላይ ነበርኩ» ካለ ሰርቨሩ ከ42 ጀምሮ ይልክለታል። ክፍተቱ ከ30 ክስተት በላይ ከሆነ አሁን ያለውን ሁኔታ ብቻ መላክ ይሻላል፤ ማንም ሰው ያመለጠውን የሁለት ደቂቃ ውጊያ ተቀምጦ ማየት አይፈልግም።

መደጋገም ደግሞ ዕቃ ይበላል። ተጫዋቹ መድኃኒት ጠጣ፤ ትእዛዙ ሰርቨሩ ደረሰ፣ መልሱ ግን መንገድ ላይ ጠፋ። ስልኩ እንደገና ይልካል፤ ሰርቨሩ ሁለተኛ መድኃኒት ያጠጣዋል። ስለዚህ ሰርቨሩ ከአንድ ተጫዋች በአንድ ዙር አንድ ትእዛዝ ብቻ ይቀበል፤ ያው ትእዛዝ ድጋሚ ከመጣ ሳያሰላ የቀድሞውን መልስ ይላክ። ሽልማት ላይም እንዲሁ ነው። ውጊያው መዘጋቱ፣ ወርቁና ልምዱ መሰጠቱ በአንድ የዳታቤዝ ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም የሚጻፍበት ወይ ምንም የማይጻፍበት ጥቅል) ውስጥ ይግቡ፤ የሽልማት ሠንጠረዡም ለአንድ ውጊያና ለአንድ ተጫዋች ከአንድ ረድፍ በላይ እንዳይቀበል አድርጉት። ኦንላይን ጌሞች ላይ ዕቃ የሚባዛው አብዛኛውን ጊዜ በረቀቀ ጠላፊ ሳይሆን ሰርቨሩ «ከዚህ ቀነስኩ» እና «እዚያ ጨመርኩ» በሚሉት መካከል ሲወድቅ ነው። ተጫዋቾች ዕቃ የሚለዋወጡበት ክፍል ካላችሁ ይህን ሳታስተካክሉ አትክፈቱት። አንድ ጊዜ የተባዛ ወርቅ ገበያ ውስጥ ከገባ ንጹሑን ከተባዛው መለየት አይቻልም።

ስለ ሰርቨሩ መጠን ስጋታችሁን ለማንሳት ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 500 ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢዋጉና እያንዳንዱ በ30 ሰከንድ አንድ ትእዛዝ ቢልክ በሰከንድ 17 ገደማ መልእክት ነው። የአንድ ውጊያ ሁኔታ 4 ኪሎባይት ቢይዝ 250 ውጊያ 1 ሜጋባይት ነው። አንድ ፕሮሰሰርና 1 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው የመጨረሻው ርካሽ ሰርቨር ይችለዋል። ለተጫዋቹም ቀላል ነው፤ አንድ ክስተት 100 ባይት፣ በዙር 10 ክስተት፣ 10 ዙር ቢሆን አንድ ሙሉ ውጊያ 10 ኪሎባይት ገደማ ይበላል። ሥዕሎቹንና ድምፁን አፑ ውስጥ አስቀምጡ እንጂ በየውጊያው አታውርዱ፤ በጥቅል ለሚጠቀም ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ይህ አሠራር የማይፈታው ነገርም አለ። ያለ ኔትወርክ መጫወት አይቻልም። ሰው ተኝቶ ፕሮግራም የሚዋጋለትን አይከለክልም፤ ትእዛዙ ሕጋዊ ነውና። ሰርቨሩ ዳግም ሲነሳ ደግሞ ሜሞሪ ላይ ብቻ የነበረ ውጊያ ይጠፋል፤ ስለዚህ በየዙሩ መጨረሻ ሁኔታውን ዳታቤዝ ላይ ጻፉ። በየክስተቱ መጻፍ አያስፈልግም።

ፎንቱ። የድሮዎቹ ማሽኖች በ8 በ8 የሠሩት አማራጭ ስላልነበራቸው ነው። የኒንቴንዶ የድሮ ማሽን ፋሚኮም ለአንድ ጀርባ 256 ቁራጭ ሥዕል ብቻ ነበር የሚይዘው፤ የእኛ ፊደል ቢመጣ ለሣርና ለግንብ የሚተርፍ ቦታ አይኖርም ነበር። ለእናንተ ግን ይህ ገደብ የለባችሁም። ከ8 ፒክስል አንዱ ለክፍተት ሲወጣ 7 ይቀራል። ሦስት እግር ያለው ጠ በ5 ይሠራል፤ ጡ ቅጥያዋን ስትጨምር 6 ትደርሳለች። ጨ ላይ ግን ቀለበት አለ፤ ቀዳዳው የሚታይ ቀለበት ቢያንስ 3 ፒክስል ስለሚፈልግ ሁለቱ ብቻ 6፣ ከመካከለኛው እግርና ከክፍተቶቹ ጋር 9 ይሆናል። አይገባም። ፎንት ሠሪው ቢራቀቅም አይገባም።

በ16 በ16 ሥሩ፤ የስክሪኑን የውስጥ መጠን 320 በ180 አድርጉት። በ4 ሲባዛ 1280 በ720፣ በ6 ሲባዛ 1920 በ1080 ስለሚሆን ፒክስሉ ሳይደበዝዝ ያድጋል፤ በአንድ መስመርም 20 ፊደል ይገባል። አማርኛ አናባቢውን በፊደሉ ውስጥ ስለሚይዝ 20 ፊደል ለአንድ የውጊያ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ «ጅቡ ክፉኛ ነከሰህ» ከነክፍተቱ 11 ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጠው የዩኒኮድ ዋናው የኢትዮጵያ ፊደል ክፍል 384 ቦታ አለው። በአንድ ረድፍ 16 ፊደል፣ 24 ረድፍ ብትደረድሩ 256 በ384 ፒክስል የሆነ አንድ ሥዕል ላይ ሁሉም ያርፋል፤ የፊደሉ ቦታም ከዩኒኮድ ቁጥሩ ላይ የክፍሉን መነሻ በመቀነስ ብቻ ይገኛል። ከባዶ መሣል ካልፈለጋችሁ ጂኤንዩ ዩኒፎንት የተባለው የፒክስል ፎንት የግዕዝ ፊደልን በ16 ፒክስል ቁመት ይዟል፤ ከእሱ ተነሡና ውጊያ ላይ የሚደጋገሙትን ፊደላት በእጃችሁ አሳምሩ።

ስም ምዝገባ ላይ አንድ ነገር ጨምሩ፤ አሁን ካልተሠራ በኋላ ያጣላል። ሠላም የሚባል ታዋቂ ተጫዋች ሲኖር ሌላው ሰላም ብሎ ተመዝግቦ በስሙ ዕቃ ሊለምን ይችላል። ስም ሲመዘገብ ለንጽጽር ብቻ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃን ወደ አንድ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ኣ፣ ዐ እና ዓን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነእርባታቸው መልሱ። የተጫዋቹ ስም እሱ እንደጻፈው ይታይ፤ የሚነጻጸረው ግን የተመለሰው ነው።

ሥራውን በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። መጀመሪያ ውጊያውን ብቻውን ፓይተን ላይ ጻፉት፤ ሁኔታውን፣ ትእዛዞቹንና ዕጣዎቹን ተቀብሎ ክስተቶችን የሚመልስ፣ ኔትወርክም ሥዕልም የማያውቅ አንድ ፋንክሽን ይሁን። የተመዘገበ ውጊያ መልሳችሁ ስታስኬዱት እስከ መጨረሻው ቁጥር ያንኑ ካልሰጠ ወደ ቀጣዩ አትለፉ። ከዚያ የጉዳት ቀመሩን ከስልኩ ኮድ ሰርዙ፤ በአስተያየት ምልክት መሸፈን አይበቃም። ቀጥሎ የዙር ገደቡንና መልሶ መገናኛውን አስገቡ፤ ሽልማትና ልውውጥ መጨረሻ ላይ ይመጣሉ።

ሙከራውን ጥሩ ዋይፋይ ላይ ተቀምጣችሁ አታድርጉት። ትእዛዝ በላካችሁበት ቅጽበት የአውሮፕላን ሞዱን አብሩና ከ10 ሰከንድ በኋላ አጥፉ። ከዋይፋይ ወደ ዳታ ቀይሩ። ስልክ ደውሉና አንሡት። አፑን በኃይል ዝጉትና ክፈቱት። በእያንዳንዱ ሙከራ ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን አስቀምጡና የጅቡን የቀረ ሕይወት አንብቡ። ቁጥሮቹ አንድ ካልሆኑ የስልኩ ኮድ ውስጥ ያልተሰረዘ የመቀነስ ስሌት አለ፤ መጀመሪያ እሱን ፈልጉ።